ከቁጥሩ አጠገብ ያለችው ኮከብ

«ገብሬ ሽማግሌ ፊት ሽጉጥ አቀባበለ።»

እትዬ ምርቃት ይህችን ወሬ በስንት ክርስትና፣ በስንት ሠርግና በስንት ልቅሶ ላይ እንዳወራቻት ቤት ይቁጠረው። ወጥ እየቀመሰች ታወራታለች፤ እንግዳ ጫማውን እስኪያስር በር ላይ ቆማ ታወራታለች። ስታወራት ቀኝ እጇን ታነሳና አውራ ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ ትጎትታለች፤ ከዚያ በምላሷ ላንቃዋን ትመታለች። «ቀጭ!» ሰሚው ይደነግጣል። ደንግጦ ሲያበቃ የገብሬ ልጅ እዚያው ትሪ ይዛ መቆሟ ትዝ ይለውና በሐዘኔታ ያየኛል። በሐዘኔታ መታየት አልወድም። የሚሰድበኝ ሰው ይሻለኛል፤ ለእሱ ቢያንስ መልስ አላጣም።

እትዬ ምርቃት ክፉ ሴት አይደለችም። የእናቴ የአጸደ ባልንጀራ ናት፤ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለውን ምግብ ቤት ያቆሙት ሁለቱ ናቸው። እኔንም አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደግሞም ውሸታም አይደለችም። የዚያን እሑድ ሳሎናችን ውስጥ ነበረች፤ በዐይኗ አይታለች፣ በጆሮዋ ሰምታለች።

እኔም አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ነበር። እስካለፈው ወር ድረስ፣ ዐይኔን ስጨፍን የአባቴ አውራ ጣት የሽጉጡን መዶሻ ወደ ኋላ ሲጎትት አየው ነበር። መዶሻ የምለው ከሽጉጡ ጀርባ ያለችውን፣ ቃታ ሲሳብ ጥይቱን የምትመታዋን ብረት ነው። ጠርዟ ላይ የአባቴ ጥፍር ሲነጣ ሳይቀር ይታየኝ ነበር።

ሽጉጡን ቀድሞም አውቀዋለሁ። ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ወጥ ቤቱ ጥግ፣ ኪምቦ የሚባለው የምግብ ቅባት የመጣበት ትልቅ ባልዲ ነበር። ባልዲው ውስጥ ጤፍ፣ ጤፉ ውስጥ ሽጉጥ። አባቴ የከባድ መኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ ትውልዱ ከሞያሌ ወዲያ፣ ሜጋ ነው። ጤፉንም ሽጉጡንም ከዚያ ነው ያመጣቸው። በዚያ ዕድሜዬ ሽጉጥ እንደ ድንች ከሥር የሚቆፈር ነገር ይመስለኝ ነበር። የሌሎቹ ልጆች ቤት ሽጉጥ የሌለው ጤፍ ስለማይበሉ ነው ብዬ ነበር የደመደምኩት።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ምግብ ቤት ውላ፣ አባዬ እጁን እስከ ክርኑ ባልዲው ውስጥ ከተተና አወጣው። መኝታ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። አልጋው ላይ ጋዜጣ ዘረጋ። በቀለም ብሩሽ የጤፉን ፍሬ ከየቀዳዳው እየጠረገ አወረደው፤ ጋዜጣው ላይ ሲዘንብ ድምፁ ደስ ይል ነበር። ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ጣራችንን ሊነኩ ትንሽ እየቀራቸው ያልፋሉ።

«ነይ እስኪ። እንግሊዝኛ ተማርኩ ትዪ የለ? አንብቢልኝ።»

ብረቱ ጥቁር ነው፤ እጀታው ቡናማ። ከእጀታው ግርጌ ገመድ የሚታሰርባት ቀለበት አለች። በቀኝ ጎኑ በጣም ትንንሽ ፊደላት ተቀርጸዋል። አፍንጫዬ ብረቱን እስኪነካ ተጠጋሁ። የዘይትና የእህል ሽታ አለው።

«ዘውድ አለ» አልኩ። «ከሥሩ… ኤንፊልድ። ሰውዬው ነው?»

«ሰፈሩ ነው። የተሠራበት ሰፈር።»

«ቁጥር ሁለት። ከዚያ ማርክ… ማርክ አንድ። ከዚያ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።»

«በፈረንጅ ነው» አለ፤ በኩራት ራሱን ነቀነቀ፤ ዓመተ ምሕረቱን እሱ የወለደው ይመስል።

«ይሄስ? የዶሮ እግር።»

«እሱ የመንግሥታቸው ምልክት ነው። ቀስት ነው። ይቺ ያለችበት ዕቃ ሁሉ የንጉሡ ነው። ብርድ ልብስም ይሁን መጥረቢያ፣ የንጉሡ።»

«የንጉሡ ከሆነ እኛ ቤት ምን ይሠራል?»

ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ አያትሽ ሰረቀው እንድልሽ ነው?»

ከዚያ አወራልኝ። ጣሊያን በተባረረበት ዓመት የእንግሊዝ ጦር ከዚሁ ከኬንያ ተነስቶ በሜጋ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ፣ አያቴ መንገድ መሪ ነበር። መኪኖቹ ጭቃ ላይ እንዳይቀሩ ደረቁን መሬት ያሳይ ነበር። ሲለያዩ አንድ ወጣት መኮንን ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ በእጁ ሰጠው። አባዬ «በእጁ» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ዛሬ ሳስበው፣ መኮንን የንጉሥን ዕቃ በእጁ አይሰጥም። ይጥለዋል፣ ይረሳዋል፣ ወይ ይሞትበታል፤ አንዱ ያነሳዋል። ቢሆንም ዓመቱ ይገጥማል፤ አገሩም ይገጥማል። የቀረውን ለአያቴ ትቼለታለሁ።

«ይቺ ኮከብስ?» አልኩት።

ማርክ አንድ ከሚለው ቁጥር አጠገብ፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ኮከብ ነበረች። አባዬ ብረቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለና በአንድ ዐይኑ አያት።

«እሷን እኔም አላውቃትም። ለጌጥ ትሆናለች። ካማረችሽ ያንቺ ትሁን።»

«ለዘላለም?»

«ለዘላለም። ሽጉጡ የእኔ፣ ቀስቷ የንጉሡ፣ ኮከቧ ያንቺ።»

ቀና ብዬ ተነሳሁ። ከክፍሌ ልጆች ሁሉ ሽጉጥ ላይ ኮከብ ያላት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አሁን ደግሞ ሆዱን ላሳይሽ» ብሎ አውራ ጣቱን በግራ በኩል ወዳለች ትንሽ ብረት ላከ። ያኔ የግቢው በር ተንኳኳ። እናቴ ናት። ሽጉጡ ወደ ጤፉ ተመለሰ፣ ጋዜጣው ተጠቀለለ። «ሌላ ቀን» አለኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ። ያ ሌላ ቀን አልመጣም። ሆዱን ባየሁት ኖሮ ብዬ አሁን የምለው ለራሴ ነው እንጂ ለሌላ ሰው አይረባም።

ሳይቆይ እናቴ ጤፍ ልትሰፍር ጣሳ ሰደደች፤ ጣሳው ብረት መታ። ጩኸቷን አልረሳውም።

«የምበላው እህል ውስጥ! ልጅ የምታበላበት ባልዲ ውስጥ!»

«ዝገት እንዳይነካው ብዬ እኮ…»

«ዝገት! ገብሬ፣ ናይሮቢ ነው ያለነው! ያለ ፈቃድ መሣሪያ የተገኘበት ሰው የሚበሰብስበት አገር ነው! ልጄን ማን ሊያሳድግልኝ ነው?»

«የአባቴ ነው፣ አጸደ።»

«የአባትህን ፎቶ ስቀል!»

አባዬ ሽጉጡን ይዞ ኢስሊ ሰፈር፣ ጓደኛው ቤት ገባ። ሽጉጡ ከእሱ ካልተለየ እሱም ወደዚህ ቤት አይገባም ብላ እናቴ ማለች። እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው፤ ሽጉጡን ከባልዲው ስላስወጣችው የሚያድርበት አጥቶ፣ አባዬም እንዳይደብረው አብሮት የሄደ መሰለኝ። ማታ ማታ የባልዲውን ክዳን እየከፈትኩ ቦታውን አስተካክልለት ነበር።

ከዚያ «እሑድ ሽማግሌ ይመጣል» ተባለ። ነጭ ጢም፣ ከዘራ፣ ጋቢ ጠበቅሁ። የመጡት ጋሽ ሚናስና ጋሽ ካሣሁን ናቸው። ጋሽ ሚናስ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ሰው ነው፤ ክራቫቱ አንገቱን ጠርቅሞ ይዞት ትንፋሹ ያፏጫል። ጋሽ ካሣሁን ጊጊሪ፣ ኤምባሲዎቹ ያሉበት ሰፈር፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ የመግቢያ ባጁን በእሑድ እንኳ ከአንገቱ አያወልቅም። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ካርታና ቢሊያርድ እንጂ መሣሪያ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። አንድም ጢም የላቸውም። ተታለልኩ ብዬ ተቆጣሁ።

በወጉ መሠረት ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ባልየውን ለብቻ ያናግራሉ፤ እናቴ መኝታ ቤት ሆና እስክትጠራ ትጠብቃለች። ፀጉሯን ተሠርታ ነበር። ያን ጊዜ ለምን እንደተሠራች አልጠየቅሁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ውሃ ጠማኝ ብዬ ወጣሁና ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ።

አባዬን ከጀርባው ነው የማየው። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊቱ ሶፋው ላይ ናቸው።

«ጥፋትህን ታምናለህ ወይ ነው ጥያቄው» ይላል ጋሽ ሚናስ፤ ክራቫቱ እያፏጨ።

«አምናለሁ።»

«ልጅ ያለበት ቤት ነው እኮ ወንድሜ» አለ ጋሽ ካሣሁን። «እኛ ጊጊሪ እንኳን ሽጉጥ፣ ምላጭ ይዘህ አትገባም።»

«ገብቶኛል። ዛሬ የመጣሁትም ለዚሁ ነው» አለ አባዬ።

ተነሳ። የኮቱን ቁልፍ ፈታ። እትዬ ምርቃት በዚያው ቅጽበት ሻይ በትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ገባች። አባዬ እጁን ከኮቱ ውስጥ አወጣ፤ ጥቁሩ ብረት አብሮ ወጣ። አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ።

ቀጭ።

ወዲያው ደግሞ፣ ከእሱ ቀጥላ፣ አንዲት ትንሽዬ ድምፅ። ጠቅ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትሪ ነው። ብርጭቆው፣ ሻዩ፣ ስኳሩ፣ የእትዬ ምርቃት ጩኸት። «አቀባበለባቸው! ኡ ኡ! አቀባበለባቸው!» ጋሽ ሚናስ ዐይኑን ጨፍኖ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ጸሎት ጀመረ ብዬ ነበር። ጋሽ ካሣሁን ከሶፋው ጀርባ ዘሎ ገባ። ባጁ ብቻ በሶፋው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ኧረ ቆዩ!» ይላል አባዬ። «ቆዩ እንጂ! ስሙኝ!»

«አስካሪ! አስካሪ!» ይላል ካሣሁን ከሶፋው ጀርባ የግቢውን ዘበኛ እየተጣራ። «ፖሊሲ! ኢታ ፖሊሲ! ፖሊስ ጥሩልን!»

ፖሊስ የሚለው ቃል ሲነሳ አባዬ እጁን ወደ ላይ ወርወር አደረገና ብረቱን ኮቱ ውስጥ ከተተው። ዞር ሲል መጋረጃውን አየ። መጋረጃው ሥር የእኔ እግሮች ነበሩ።

«ሚዛኔ» ብሎ በስሜ ጠራኝ። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ። የግቢው በር ላይ የአስካሪው ዱላ ብረቱን ሲመታው ተሰማ። አባዬ በወጥ ቤቱ በር ወጣ፤ በጓሮው አጥር ዘሎ ሄደ።

እናቴ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ሳሎኑ ውስጥ ብርጭቆና ስኳር እንጂ ባል አልነበረም። እትዬ ምርቃት ትከሻዋን ይዛ፣ አውራ ጣቷን እየጎተተች አሳየቻት። «እንዲህ አደረገ፣ አጸዱዬ! እንዲህ! ቀጭ!» ወሬዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራችው ያኔ ነው። እናቴ አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ፍርሃት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አጠገቤ ለምትቀመጠው ለዛራ ሚስጥሩን ነገርኳት። አባዬ ሽማግሌዎቹን ሊተኩስባቸው ሞክሮ ሽጉጡ እምቢ አለው፤ ስለዚህ ሊያሠራው ሞያሌ ሄዷል አልኳት። እሷም አመነችኝ። ምክንያቱም ቀጭ ብሎ ጥይት ያልወጣው ሽጉጥ የተበላሸ ሽጉጥ ነው። ስምንት ዓመት ለሆነው ሰው ይህ እንከን የለሽ ሐሳብ ነው።

አባዬ አልተመለሰም። ከሜጋ ግን ጤፍ ይመጣ ነበር። የጭነት ሾፌሮች ጆንያውን በር ላይ ያወርዱና «የታዘዝነው ነው» ብለው ይሄዳሉ። እናቴ «እህል ምን አደረገ» ትልና ታስገባዋለች። ጆንያ በመጣ ቁጥር፣ ሁሉም ሲተኛ፣ አፉን ፈትቼ እጄን እስከ ትከሻዬ እከታለሁ። ሽጉጡ ከተሠራ ይልከዋል፤ ሽጉጡ ከመጣ እሱም ይመጣል። ጤፍ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ጣቶቼ ሌላ ነገር ነክተው አያውቁም።

ሳድግ ይህን ሁሉ ተውኩት፤ የእትዬ ምርቃትን ወሬ ግን እንዳለ ተቀበልኩት። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ኮምፒዩተርም፣ ትርጉምም፣ የቪዲዮ ሥራም በየሌሊቱ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች የሚከፍሉኝ እነሱ የማይችሉትን ስለምችል ነው። የሚነገረኝን ሁሉ ሳላጣራ አላምንም ብዬ የምፎክር ነበርኩ። ያቺን አንዲት ወሬ ግን አላጣራኋትም። ምን ይጣራል? አይቻለሁ እኮ።

አባቴ በበዓል በበዓል ይደውልልኝ ነበር። የእናቴን ስልክ አይሞክርም፤ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ እንደማታነሳለት ገብቶታል። ከእኔ ጋር ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ስለ መንገዱ እናወራለን። ሊዘጋ ሲል ሁልጊዜ ያቺኑ ይላል።

«ኮከብሽ ደህና ናት።»

«እሺ።»

እሺ ስል ጥርሴን ነክሼ ነው። ቤታችንን ያፈረሰበትን ዕቃ፣ ሳያፍር፣ በእንቁጣጣሽ ቀን ያነሳብኛል ብዬ ውስጤ ይነድ ነበር። አንድ ጊዜ ከአፌ አምልጦኝ «አሁንም አለ ማለት ነው?» ብዬዋለሁ። «እንዴት እጥለዋለሁ፣ ያንቺም አለበት እኮ» አለ። ስልኩን ዘጋሁ።

በግንቦት ታሞ በሦስተኛው ቀን ሞተ። መርዶው ሲደርሰን ቀብሩ አልፎ ነበር።

ከአርባው በኋላ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣልኝ። ሜጋ ያለ ልጅ ነው፤ የአባቴ የእህቱ ልጅ፣ ፍራኦል ይባላል። «እህቴ ሚዛን፣ ቀበሌ የጦር መሣሪያ አስመዝግቡ ብሎናል። የጋሼ ሽጉጥ እኛ ጋ ነው። ምን ዓይነት እንደሚባል አልገባንም፤ እንግሊዝኛውን አንቺ ታነቢዋለሽ ብሎን ነበር።» ከሥሩ ፎቶዎች ላከ።

ሳሎን ተቀምጬ ነበር፤ ያው ሳሎን፣ ሶፋው ብቻ ተቀይሯል። ፎቶውን በሁለት ጣቴ ገፍቼ አሰፋሁት። ዘውዱ። ኤንፊልድ። ቁጥር ሁለት። ማርክ አንድ። ኮከቧ። ከስምንት ዓመቴ ወዲህ አላየኋትም፤ በጣቴ ነካኋትና ራሴን ገሠጽኩ። ልጁ የጠየቀው ስሙን ነው፤ ስሙን ፈልጊለት አልኩ።

የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ወሬኛ ናቸው፤ ስለ አንዲት ብሎን ሦስት ገጽ ይጽፋሉ። ቀስቷ አባዬ እንዳለው የመንግሥታቸው ንብረት ምልክት ናት። ቁጥር ሁለት ማለት ከትልቁና ከከባዱ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሽጉጥ ቀጥሎ የመጣው፣ ቀለል ያለው ነው። ኮከቧ ጋ ስደርስ ማንበቤን ቀጥዬ፣ ተመልሼ፣ እንደገና አነበብኩት።

ለጌጥ አይደለችም። ከማርኩ አጠገብ ኮከብ ካለ፣ ሽጉጡ የተሻሻለው ዓይነት ነው ማለት ነው። የታንክ ወታደሮች በጠባቧ በር ሲገቡና ሲወጡ፣ አውራ ጣት የሚይዛት የመዶሻው ቀንድ ልብሳቸውንና ገመዳቸውን እየያዘች አስቸገረቻቸው። እንግሊዞቹም በፈረንጅ ከ1938 ጀምሮ ቀንዷን አስቀሯት። መዶሻው ጀርባው ልሙጥ ሆነ። ስለዚህ ኮከብ ያለበት ሽጉጥ በአውራ ጣት አይቀባበልም፤ አይቻልም። የሚተኮሰው ቃታውን ረጅምና ከባድ አድርጎ በመሳብ ብቻ ነው፤ መዶሻው በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይወድቃል።

ወደ ፎቶው ተመለስኩ። ከኋላ ያለችውን ብረት አሰፋኋት። ልሙጥ ናት። እንደ ወንዝ ጠጠር። የሚያዝ ነገር የላትም።

እኔ ያየሁት የነጣ ጥፍር ታዲያ የማን ነው? ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት ትዝታ የእኔ አልነበረም። የእትዬ ምርቃት አውራ ጣት ነበር፤ ከክርስትና ክርስትና፣ ከልቅሶ ልቅሶ እየዞረ የአባቴ እጅ ላይ የበቀለ።

ግን ቀጭ የሚለውንስ ሰምቻለሁ። ጠቅ የምትለዋንም፤ እሷን ደግሞ እትዬ ምርቃት አንድም ቀን አውርታት አታውቅም፤ እሷ የእኔ ብቻ ናት።

ለፍራኦል ጻፍኩለት። «ስትከፍተው ቪዲዮ ቅረጽልኝ። ድምፁ ይሰማ።»

ሳይቆይ ላከው። እጁ ብቻ ይታያል። ሽጉጡን አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍቶ ይዟል። አውራ ጣቱ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ብረት ተጫነች፤ አባዬ በዚያ ቅዳሜ የላከባትን ያቺኑ። ቀጭ። ሽጉጡ ከወገቡ ታጠፈ፤ በርሜሉ ወደ ታች ወረደ፤ ከመሐሉ ክብ ብረት ብቅ አለች፤ የጥይቶቹን ቀለህ ገፍታ የምታወጣው እሷ ናት። ገፍታ ስትጨርስ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ጠቅ።

ደግሜ አጫወትኩት። ቀጭ፣ ጠቅ። ቀጭ፣ ጠቅ። ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ፍራኦል በስተመጨረሻ እጁን ወደ ላይ ወርወር አድርጎ ዘጋው። ያንንም አይቼዋለሁ። ያንንም ያን ቀን አይቼዋለሁ።

ደወልኩለት። «ለምንድነው ወደ መሬት ደፍተህ የከፈትከው?»

«እንዴ፣ መሣሪያ ለሰው ስታሳዪ እንዲህ አይደል?» አለ፤ ጥያቄዬ ገርሞታል። «ጋሼ ነው ያስተማረን። ሽማግሌ ፊት ስታስቀምጪማ የግድ ነው። ትከፍቺዋለሽ፣ ባዶነቱን ታሳዪያለሽ፣ እግራቸው ሥር ታኖሪዋለሽ። ዘግተሽ ካስቀመጥሽ ነውር ነው። እናንተ ጋ እንዲህ አይደለም?»

«እኛ ጋ ሰው ከሶፋ ጀርባ ይገባል» አልኩት። የሳቀ መሰለኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ኪሌሌሽዋ የደረስኩት የምሳው ሰው ወጥቶ የማታው ሳይገባ ነው። እናቴ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እትዬ ምርቃት ከፊቷ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ምን ሆነሽ ነው ከሰል የመሰልሽው?» አለች እትዬ ምርቃት። «ያ የማታቱ ታክሲ ሾፌር ዛሬም ሰደበሽ?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። «ስሙ» አልኩና ድምፁን ብቻ፣ ስክሪኑን ገልብጬ፣ ለቀቅሁት።

ቀጭ።

እትዬ ምርቃት ከወንበሯ ተነሳች። ምስሩ ተበተነ። «እሱ ነው! በማርያም፣ እሱ ራሱ ነው! አላልኩም? ስንት ዓመት አወራሁ፣ ዛሬ እግዜር ማስረጃውን አመጣልኝ! አጸደ፣ ሰማሽ? ቀጭ!» አውራ ጣቷ ከቦታው ተነስቷል።

«አሁን እይው» አልኩና ስክሪኑን አዞርኩላት።

አየችው። ሽጉጡ ታጠፈ፤ ክቧ ብቅ ብላ ተመለሰች፤ ቀዳዳዎቹ ባዶ ናቸው።

«ምን እያደረገ ነው?»

«እየከፈተ። ባዶ ነው ብሎ ሊያስረክብ እየከፈተ። ያንን ነው የሰማሽው።» ፎቶውን አወጣሁ። «ይሄውልሽ መዶሻው። በአውራ ጣቱ ሳበ ብለሻል። ሳቢው እስኪ። የቱን ይዞ ነው የሳበው?»

እትዬ ምርቃት ወደ ፎቶው ጎንበስ አለች። መነጽሯን አወለቀች፣ አደረገች። አውራ ጣቷ አየር ላይ እንዳለች ቀረች፤ የምትይዘው አጣች። ከዚያ እጇን በሌላው እጇ ይዛ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው።

«ትሪ ይዤ ነበር እኮ» አለች። «አውራ ጣቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ… ፊልም ላይ እንዲህ ነው የሚያደርጉት… ሚዛንዬ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ ያየሁ ነው የመሰለኝ።»

«እኔም» አልኳት። ልሰድባት ነበር የመጣሁት። ከኪሌሌሽዋ መታጠፊያ ጀምሮ ስድቡን እያሾልኩ ነበር የመጣሁት። አፌ ውስጥ አንድም አልቀረም።

እናቴ የያዘችው ነጭ ሽንኩርት ተልጦ አልቋል፤ እሷ ግን አሁንም በቢላዋ ጫፍ ትፍቀዋለች። ቪዲዮው በራሱ እየዞረ ይጫወታል። ቀጭ፣ ጠቅ።

«አጥፊው» አለች።

አጠፋሁት።

«ጠዋት ደውሎልኝ ነበር።»

«ማን?»

«ገብሬ ነዋ። የዚያን እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ። ለማንም አልተናገርኩም።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሽጉጡንማ በዚያው ስልክ ላይ ይቅር ብዬው ነበር። ፀጉሬንም የተሠራሁት ለዚያ ነው። ምርቃት መጥታ አቀባበለባቸው ስትለኝ ግን፣ ባዶ ሽጉጥ ማን ያቀባብላል፣ ጠዋት ዋሽቶኛል አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት የተቆጣሁት በሽጉጡ አልነበረም፣ ሚዛን። በውሸቱ ነበር።»

«ምን ብሎሽ ነበር?»

እናቴ እጇን ከነሽንኩርቱ ሽታ አንስታ ዐይኗን ሸፈነች።

«‹ዛሬ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አስቀምጠዋለሁ› አለኝ። ‹ባዶውን ነው። አንቺ ብቻ እንዳትደነግጪ።›»